አራት ገመድ በአንድ ምት

አንድ ጊዜ የአንበሳ ደቦል ሲጫወት ጉድጓድ ውስጥ ወደቀ፤ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይም ተንሸራቶ የጉድጓዱን አፍ ከደነው። ድንጋዩ ከአራቱም ማዕዘን እኩል ካልተነሳ አጋድሎ ደቦሉ ላይ ይወድቃል።

አንበሳይቱ ጎረቤቶቿን ጠራች። አህያና ዝንጀሮ አዝነው መጡ፤ ጅብ የመጣው ከሥራው በኋላ ድግስ አለ ሲባል ሰምቶ ነው። ብልጧ ቀበሮ አራት ገመድ በድንጋዩ ማዕዘኖች አስራ፣ በዛፍ ቅርንጫፎች ላይ አሳልፋ ለአንበሳይቱና ለሦስቱ ጎረቤቶቿ አስያዘቻቸው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እኛ ደግሞ ዛሬ እንፍታ» አለች። «እኩል ጀምሩና በልባችሁ ቁጠሩ። አራት ስትደርሱ አንድ ስንዝር ሳቡ፤ ከዚያ እንደገና ከአንድ ጀምሩ።»

መጀመሪያ ድንጋዩ እንደ ድስት ክዳን ቀጥ ብሎ ተነሳ። ጅብ ግን ድግሱ ትዝ ሲለው ቆጠራው እየፈጠነ ሄደ፤ አህያ እንደ ልማዷ ተረጋግታ ትቆጥራለች። ቆይቶ ጅብ አራት ሲል አህያ ገና ሁለት ላይ ነበረች። ድንጋዩ አጋደለ፤ አፈር ረገፈ፤ ደቦሉ ከታች ጮኸ። ቀስ ብለው መልሰው አወረዱት።

«ያጠፋችው አህያ ናት» አለ ጅብ። «እኔ አንድም ቁጥር አልዘለልኩም።»

«እኔስ መቼ ዘለልኩ አያ ጅቦ?»

«ሁለታችሁም አልዘለላችሁም» አለች ቀበሮ። «ግን ሁሉም የሚቆጥረው በየራሱ ልብ ነው፤ ልብ ደግሞ ከልብ እኩል አይመታም። አብሮ መጀመር ብቻውን አይበቃም።»

ከዚያም ግንደ ቆርቁር የተባለውን ወፍ ጠርታ፣ ድምፁ ለአራቱም እኩል እንዲደርስ መሃል ካለ ደረቅ ግንድ ላይ አስቀመጠችው። «ከአሁን ወዲያ ማንም አይቁጠር። ኳ ሲል ሳቡ፤ ደግሞ ኳ እስኪል ያዙ።»

«እኔ ፈጣኑ አህያን ልጠብቅ?» አለ ጅብ።

አንበሳይቱ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ካሻህ አትጠብቅ። ልጄ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ አንተ ግን አጠገቤ ነህ።»

ጅብ ጠበቀ።

ኳ፣ አንድ ስንዝር። ኳ፣ አንድ ስንዝር። እንዲህ ያለ ሥራ ማየት እንዴት ደስ ይላል። ጉልበተኛዋ አንበሳ፣ ችኩሉ ጅብ፣ ዝግተኛዋ አህያና ቀልደኛው ዝንጀሮ የአንድ አካል እጆች መሰሉ። ድንጋዩ ላይ እንቁላል ቢያስቀምጡ ባልተንከባለለ ነበር። ቀበሮ ከሥር ሾልካ ገባችና ደቦሉን በማጅራቱ ይዛ አወጣችው፤ እናቱም እየላሰች አለቀሰች።

ድንጋዩን መልሰው ካሳረፉ በኋላ ጅብ ዞር አለና አህያን አጠገቡ አያት። ምራቁን ዋጠ። ሊዘልባት ተዘጋጅቶ ሳለ ግን ለምዶበት ኳ እስኪል ጠበቀ። ግንደ ቆርቁር በርሮ ሄዷል፤ አህያም ሄዳለች።

ከዚህ የምንማረው፣ ብዙዎች አንድ ሸክም ሲያነሱ እያንዳንዱ በራሱ ልክ መሆኑ እንደማይበቃና ሁሉም የሚጠብቁት አንድ ምት እንደሚያስፈልጋቸው ነው።