ቀይ አገዳ፣ አረንጓዴ አገዳ

ተረት ተረት ልላችሁ ነው፤ የላም በረቱን ክፈቱና ቁጭ በሉ።

ድሮ፣ በጥንቷ ሮም፣ ቪብዩስ የሚባል ሰው ነበረ። የዓለምን ዕውቀት በየዓይነቱ ለይቼ ካላስቀመጥኩ አልሞትም ያለ ሰው ነው። በቤቱ ወግ፣ አዲስ ነገር ሲሰማ መጀመሪያ ሰም በተቀባ ሰሌዳ ላይ ይጫራል፤ ኋላ ዓይነቱ ሲታወቅ ለዚያ ዓይነት በተለየ የደንገል ወረቀት ጥቅል ላይ በቀለም ይገለበጣል። ሰሌዳው ምስኪን ነው። የሚያውቀው ላዩ ላይ የተጫረውን ብቻ ነው፤ ከጠፋ ጠፋ።

አንድ ቀን የቤቱ አሮጊት ፍየል ሞቷ ሲቃረብ ሰሌዳውን አስጠራችው። ልጇ ሆዷ ተነፍቶ ሞታለች፤ የቀረቻት አንዲት ጡት ያልጣለች የልጅ ልጅ ናት።

«ልጄ፣» አለችው፣ «ከጉድጓዱ አጠገብ መንታ የሚመስሉ፣ በአገዳቸው ቀለም ብቻ የሚለዩ ሁለት ቅጠሎች አሉ። ሆድ ሲነፋ ቀይ አገዳው ያድናል፤ አረንጓዴው ይገድላል። ይቺ ግልገል ገና ናት፣ ብነግራት አትይዘውም። አንተ ያዝልኝ።»

ሰሌዳውም የብረት መጫሪያውን ለምኖ ቃሏን አስጫረ። እሷም እፎይ ብላ ሞተች።

ሰሌዳው አደራውን ይዞ ጥቅሎቹ ቤት ሄደ። «ጌታዬ፣ ሳይጠፋብኝ ይገልብጡልኝ» ብሎ የእንስሳትን ጥቅል ለመነ። እሳቸውም ገለጥ ብለው አዩና፣ ይሄማ ቅጠል ነው፣ ዕፀዋት ዘንድ ሂድ አሉት። ሄደ። የዕፀዋት ጥቅል ብዙ አስጠብቀው፣ ቅጠሉስ ቅጠል ነው፣ ሥራው ግን መድኃኒት ነው አሉት። የመድኃኒት ጥቅል ደግሞ ተቆጡ፤ እኔ የሰው እንጂ የፍየል መድኃኒት አልይዝም፣ ወደ እንስሳት ተመለስ አሉት። ጉድ እኮ ነው! ቢመለስ የእንስሳት ጥቅል ምሳቸውን በልተው፣ ተጠቅልለው ተኝተዋል። ሳልጠራህ እንዳትገባ ብለዋል።

ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። የሮም የቀትር ፀሐይ አናቱ ላይ ወጣች። ሰሙ ማላብ ጀመረ፤ ፊደሉ ከላዩ ሲንሸራተት ይታወቀዋል። ቢያንኳኳ፣ ቢጣራ የሚከፍትለት ጠፋ። ፈራ፣ አለቀሰም።

ግልገሏ ሆዷ ተነፍቶ እየተንገዳገደች መጣች። አያቴ አንተ ጋ ያኖረችልኝ ነገር አለ አሉኝ አለችው። ሰሌዳው ራሱን አየ። የቀሩት «ከጉድጓዱ አጠገብ» እና «አገዳው ያድናል» የሚሉት ብቻ ናቸው።

«የትኛው አገዳ?» አለችው።

«ከፊቱ የነበረችው ቃል ጠፋችብኝ፣ እህቴ።»

«ከጉድጓዱ አጠገብ ቀይም አረንጓዴም አለ፤ ቀይ ያስፈራኛል» አለችና ሄደች። አረንጓዴውን በላች። ሳይመሽ ሞተች።

ቪብዩስ ሰምቶ አዘነ። ሰሙን ደልድሎ፣ «አንዲት ግልገል በቅጠል ተመርዛ ሞተች» ብሎ ጫረበት። ይሄኔ ሦስቱም ጥቅሎች በአንድ ጊዜ ተከፈቱ። እንስሳ ናት፣ የኔ ናት አሉ አንዱ። ቅጠል ነው፣ የኔ ነው አሉ ሌላው። መርዝ ነው፣ የኔ ነው አሉ ሦስተኛው። ሞቷ በሦስቱም ላይ በጥሩ ቀለም ተገለበጠ።

እንግዲህ ተረቴን መልሱ አልላችሁም። ብቻ አደራ ይዞ በራችሁ የቆመውን፣ የማን ወገን ነህ ሳትሉ አስገቡት፤ ዕውቀት ማደሪያ ሲለምን ይመሽበታል፣ ሞት ግን ቤት አያጣም።