ጉሬዛና የመጨረሻዋ ጉርሻ

በሉ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ፣ እግርህን ሰብስብና ለእህትህ ቦታ ስጣት። ጆሮ ሁሉ ወደ እኔ ነው? እንግዲያው ልጀምር።

በድሮ ዘመን፣ አውሬ ሁሉ እንደ ሰው ሲያወራ፣ እንደ ሰው ሲጋበዝ፣ እንደ ሰው ሲተማማ፣ አንድ ጉሬዛ ነበር። ይህ ጉሬዛ መልከ መልካም ነው። ነጭ ፀጉሩ ከትከሻው ላይ እንደ ጋቢ ይወርዳል፣ ጢሙ የተበጠረ ነው፣ አንደበቱ ማር ነው። ሲያዩት ጨዋ፣ ሲሰሙት ጨዋ። ሲበላ ግን... ቆዩ፣ አትቸኩሉ፣ እነግራችኋለሁ።

በዚያው አገር እትዬ ሽመላ የምትባል ባለ ምግብ ቤት ነበረች። ሽመላን ታውቋታላችሁ፣ ያቺ እግረ ረጅሟ ወፍ። በጋውን እኛ ዘንድ ታሳልፍና ክረምት ሲመጣ ባሕር ተሻግራ ስፔን ወደሚባል አገር ትሄዳለች። እዚያ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ጎጆዋን ሠርታ፣ ቁልቁል ሰዎቹ ሲበሉ እያየች ትውላለች። የስፔን ሰዎች ደግሞ ምግብ የሚያቀርቡት በትንንሽ ሳህን ነው። አንዱ ላይ ጥቂት ድንች፣ አንዱ ላይ ጥቂት እንጉዳይ፣ አንዱ ላይ ጥቂት ሽምብራ። ይሄ የእኔ፣ ያ ያንተ የለም። ሁሉም ከሁሉም ይቀምሳል፣ አንዱ ሳህን ሲያልቅ ሌላው ይመጣል። ሽመላ ይህን ወደደችውና ስትመለስ ከትልቅ ዋርካ ሥር እንዲህ ያለ ቤት ከፈተች።

መጀመሪያ አውሬው ሁሉ ሳቀባት። ጅብማ፣ «ይሄ ሳህን ነው ወይስ የሳህን ልጅ?» ብሎ ተነሥቶ ሄደ። ሌሎቹ ግን ቀስ በቀስ ለመዱት። ከሁሉም በላይ የወደደው ጉሬዛ ነው። ለምን ይመስላችኋል?

በትልቅ ትሪ ከበው ሲበሉ የመጨረሻዋ ጉርሻ አንዲት ናት። እሷን ደግሞ ማንም አያነሣም። ያው ይሉኝታ ነው። ሆዳም እንዳይባል ሁሉም እጁን ይሰበስባል። «ብላ እንጂ!» «ኧረ አንተ ብላ!» «በሞቴ!» «ኧረ ጠግቤያለሁ!» እንዲህ እንደተባባሉ ትሪው ይነሣል። በሽመላ ቤት ግን በየሳህኑ አንዲት የመጨረሻ ጉርሻ አለች።

ጉሬዛ ይህን ደረሰበት። ሌሎቹ «አንተ ብላ፣ አንቺ ብዪ» ሲባባሉ እሱ ረጅም ክንዱን ዘርጋ ያደርግና፣ «እንዳትባክን ብዬ ነው» ይላል። ከዚያ ዋጥ! ሌላ ሳህን ይመጣል። «እንዳትባክን ብዬ ነው።» ዋጥ! ሌላ ይመጣል። ዋጥ! አነጋገሩ ከመጣፈጡ የተነሣ ምግቡን ከጥፋት ያዳነ እንጂ የበላ አይመስልም።

ታዲያ ይህን ጉሬዛ ፍቅር ያዘው። ከወንዙ ማዶ፣ ከኮረብታው ባሻገር፣ ስንዱ የምትባል ጉሬዛ ነበረች። ስንዱ ስትስቅ ጫካው ሁሉ ይሰማታል። ጉሬዛ አንድ ቀን ስትስቅ ሰማትና ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ አጣ። ስንዱም አልጠላችውም። በዚያ በኩል ባለፈ ቁጥር ያላየች መስላ ታየው ነበር።

ግን ሚስት በማየት ብቻ አይገኝም፣ ሽማግሌ መላክ አለ። ጉሬዛም ሽማግሌ መረጠ። አባ ዝሆንን መረጠ፣ ግርማ ሞገስ አለውና። አባ ኤሊን መረጠ፣ ዕድሜ አለውና። አባ ጃርትን መረጠ፣ ነገር ያውቃልና። ከመላኩ በፊት ደግሞ ማብላት ወግ ነው። የት ያብላቸው? ሽመላ ቤት ነዋ!

በጠዋት ለብቻው መጣና ሽመላን፣ «እትዬ ሽመላ፣ ዛሬ ሽማግሌዎቼ ፊት ነው የምቀርበው። ስንዱን የማገኘው በእነሱ አፍ ነው። የመጨረሻዋን ጉርሻ አልነካም። አንዲትም!» አላት።

«እኔ ምን አገባኝ፣ ለአፍህ ንገረው» አለችው ሽመላ።

ሽማግሌዎቹ መጡና ተቀመጡ። የመጀመሪያው ሳህን ቀረበ፣ ድንች በሚጥሚጣ። አባ ዝሆን ሳህኗን አየና፣ ይቺማ ጥርሴንም አትነካ ሊል ነበር፣ ይሉኝታ ያዘው። አንድ አንድ እያሉ አነሡ። አንዲት ድንች ቀረች።

«አባ ኤሊ፣ ይብሏት እንጂ» አለ ዝሆን።

«ኧረ አባ ጃርት ይብሏት» አለ ኤሊ።

«ኧረ በሞቴ አባ ዝሆን!» አለ ጃርት።

«ኧረ እርስዎስ አይሙቱ! እኔማ ጠግቤያለሁ!» አለ ዝሆን፣ ከጠዋት ጀምሮ ከአንዲት ድንች በቀር ምንም ያልቀመሰው ዝሆን!

ጉሬዛ ሁለት እጁን ከመቀመጫው ሥር አድርጎ ተቀመጠባቸው። ድንቿ ታየዋለች፣ እሱም ያያታል። «ስንዱ፣ ስንዱ፣ ስንዱ» አለ በልቡ። ጎበዝ! ቻለው! ሽመላ ሳህኑን ልታነሣ ጎንበስ ስትል ግን አንዱ እጁ ሹልክ ብሎ ወጣ። «እንዳትባክን ብዬ ነው።» ዋጥ!

ሁለተኛው ሳህን መጣ፣ የተጠበሰ እንጉዳይ በነጭ ሽንኩርት። ሽታው ብቻ ያጠግባል። ደግሞ አንዲት ቀረች፣ ደግሞ «በሞቴ፣ በሞቴ» ተባባሉ። «አንድ ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ አሁንስ አልሳሳትም» አለ ጉሬዛ በልቡ። ፊቱንም አዞረ። አፍንጫው ግን አልዞረም። «እንዳትባክን ብዬ ነው።» ዋጥ!

ሦስተኛው ሳህን መጣ፣ ሽምብራ በጎመን። ተበልቶ ተበልቶ አንዲት ሽምብራ ቀረች። «አንዲት ሽምብራ ደግሞ ምግብ ትባላለች?» አለና አነሣት። ከዚያ በኋላማ ምኑን እነግራችኋለሁ፣ የመጣው ሳህን ሁሉ በጉሬዛ እጅ ተዘጋ። የአባ ዝሆን ሆድ ጉርርር አለ። ጉሬዛም ቀና ብሎ ሰማዩን አየና፣ «ዝናብ ሊመጣ ነው መሰለኝ» አለ። አይ ጉሬዛ!

ሽማግሌዎቹ ባዶ ሆዳቸውን ይዘው ተነሡ። ቃል ሰጥተዋልና መቅረት አይሆንም። ወንዙን ተሻገሩ፣ ኮረብታውን ወጡ፣ የስንዱ አባት ደጅ ደረሱ።

«ቤት ለእንግዳ፣ ተቀመጡ» አላቸው አባትየው።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ። «ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

«ዘሩን አውቃለሁ፣ መልኩንም አይቻለሁ» አለ አባትየው። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃችሁ። ማዕድ ላይ እንዴት ነው?»

ሽማግሌ አይዋሽም፣ የላከውንም አያሳጣም። ታዲያ ምን ይበሉ? አባ ኤሊ አንገቱን ወደ ቤቱ አስገባ። አባ ጃርት እሾሁን ማበጠር ጀመረ። አባ ዝሆን ብቻ የሚደበቅበት አጣ።

«ጨዋ ልጅ ነው» አለ።

«እሱስ ይሁን። ሲበላ ለሰው ምን ያስተርፋል?»

አባ ዝሆን አሰበ፣ አሰበ፣ አሰበ።

«ሳህኑን» አለ።

ከላይ ከቅርንጫፉ መሀል ስንዱ በሳቅ ፈነዳች! አባቷ ግን ተቆጣ። «ለሆዳም ልጅ የለኝም!» ብሎ ሊያሰናብታቸው ሲነሣ ስንዱ ወረደች። «አባዬ፣ ቆይ። እኔ ራሴ ልፈትነው» አለች። ከዚያ አንዲት ትንሽ ሳህን አመጣች፣ በላይዋ አንዲት ቁራሽ የማር ዳቦ አደረገች፣ በጨርቅ ሸፈነቻት።

«ይህችን ስጡትና ነገ ይዟት ይምጣ» አለች። «ቁራሿ ሳትበላ እዚህ ከደረሰች አገባዋለሁ። ከተበላች ግን በዚህ በኩል ዞር እንዳይል።»

ጉሬዛ ይህን ሲሰማ በደስታ ዘለለ። «ይቺን ነው? ይቺማ ምን አላት!» አለ። በማግስቱ ጢሙን አበጠረና ሳህኗን ይዞ መንገድ ጀመረ። ሽማግሌዎቹም የሚሆነውን ለማየት ቀድመውት ሄዱ።

ወንዙ ጋ ሲደርስ ማሩ ሸተተው። ጨርቁን ገለጥ አደረገ። «ከተበላች አለች እንጂ ግማሿ ከተበላች አላለችም» አለ። «ግማሽ ቁራሽም ቁራሽ ናት።» ግማሿን ቆረሰና ዋጥ!

ኮረብታው ሥር ሲደርስ ደከመው፣ ተቀመጠ። ገለጥ አደረገ። «የዚህችም ግማሽ ብትሆን ያው ቁራሽ ናት» አለ። ቆረሰና ዋጥ!

ኮረብታው አናት ላይ ሲደርስ የስንዱ ሳቅ ተሰማው። ልቡ ድው ድው አለ። እናንተ አሁን ይተዋታል ብላችኋል። ልቡ ሲመታ ደግሞ ይርበዋል! ገለጥ አደረገ፣ ቆረሰ፣ ዋጥ! በሳህኗ ላይ የቀረችው የጤፍ ቅንጣት የምታህል ፍርፋሪ ናት። እሷን ግን አልነካም። ተቃጠለ፣ ምራቁን ዋጠ፣ አልነካም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዕድሜው ሙሉ እንዲህ ታግሎ አያውቅም።

ደረሰ። አባትየው አለ፣ ሽማግሌዎቹ አሉ፣ ስንዱ መሀል ቆማለች። ጉሬዛ ጨርቁን ገለጠና፣ «ይኸውላችሁ! አልተበላችም፣ አለች!» አለ።

ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ።

«የታለች?» አለ አባትየው።

«እዚያች መሀል ላይ።»

«የቷ መሀል?» አለ አባ ጃርት።

አባ ዝሆን ዓይኑ ደከም ያለ ነው። በደንብ ሊያይ ኩምቢውን ወደ ሳህኗ አስጠጋና እፍ ብሎ ተነፈሰ። ፍርፋሪዋ በረረች!

«ወይኔ!» አለ ጉሬዛ። ሳህኗን ጥሎ በአራት እግሩ ሳሩ ውስጥ ገባ። እዚህ ፈለገ፣ እዚያ ፈለገ፣ ከአባ ኤሊ ሆድ ሥር ፈለገ። በመጨረሻ አንዲት ሳር ጫፍ ላይ አገኛት። «አገኘኋት!» ብሎ ጮኸ። በጣቱ አነሣት፣ ከፍ አደረጋት፣ ለሁሉም አሳያት። ከዚያ፣ «እንዳትባክን ብዬ ነው» አለና... ዋጥ!

ምን እንዳደረገ ያወቀው ከዋጠ በኋላ ነው። አፉን በሁለት እጁ ያዘ። ምን ዋጋ አለው፣ ገብታለች።

ስንዱ አልሳቀችም።

«ታውቃለህ?» አለችው። «ፍርፋሪዋን ይዘህ ስትመጣ አሳዝነኸኝ ነበር። ይህችን ታህል ካስተረፈልኝ ሌላው ቀስ በቀስ ይመጣል ብዬ፣ እሺ ልልህ አፌን ከፍቼ ነበር። አንተ ግን እኔን ትተህ ፍርፋሪ ስትፈልግ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብለህ አላየኸኝም። ሂድ በቃ።»

ጉሬዛ አለቀሰ። እውነተኛ ልቅሶ ነው፣ ይወዳት ነበርና። ሽማግሌዎቹም አዘኑለት፣ ግን አንዳቸውም ደግመው አልተላኩለትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጉሬዛ ሰው ፊት መቅረብ አፈረ። ረጅም ዛፍ ላይ ወጣ፣ ቅጠል መብላት ጀመረ። ቅጠል ተበልቶ የሚያልቅ አይደለ፣ «አንተ ብላ» የሚለውም የለ። ዛሬም ዛፉን ቀና ብላችሁ ብታዩ፣ ያ ነጭ ጋቢውን ለብሶ ቁጭ ብሎ ያኝካል። እስኪ ና ውረድ በሉት፣ አይወርድም።

ልጆቼ፣ አመል ያወጣል ከመሀል የሚባለው ለዚህ ነው። ከሰው ጋር ስትበሉ ሳህኑን ብቻ ሳይሆን ከሳህኑ ወዲያ ያለውንም ፊት እዩ። ደግሞ እናንተ ይሉኝተኞቹ፣ ርቧችሁ «ጠግቤያለሁ» አትበሉ። አባ ዝሆን ያን ዕለት ጦሙን ነው ኮረብታ የወጣው!

እኔ ተረቴን አካፈልኳችሁ፣ እናንተም ላልሰማ አካፍሉ። በሉ እጃችሁን ታጠቡ፣ ራት ቀርቧል።