የአንዳርጌ ሾላ

ሰውና አውሬ በአንድ ዳኛ ፊት ይቆሙ በነበረበት በድሮ ጊዜ፣ ስሙን ጠርቼ ከምዋሽ ብተወው በሚሻለኝ አገር፣ አንድ ሽማግሌ ጃርት ነበር። ሦስት ልጆች ነበሩት። ታላቁ ጎንጤ ይባላል፤ ጠግቦም የሚርበው ዓይነት ነው። መካከለኛው አንዳርጌ ነው፤ ያገኘውን ለሌላ ካላጎረሰ የበላ አይመስለውም። የመጨረሻዋ ትርንጎ ናት፤ ዝምተኛ ናት፣ የወደደችውን ግን አትረሳም።

አንድ ዓመት ዝናብ ጠፋ። አንዳርጌ ውሃ ያለበት አገር አይቶ ሊመለስ ተነሣ። የደረቀውን ወንዝ ከመሻገሩ በፊት ትርንጎን ከሾላው ዛፍ ሥር አገኛትና፣ «አታልቅሺ፤ ሾላው ሲያፈራ እመጣለሁ» አላት።

ሾላው አፈራ፤ ረገፈ። ደግሞ አፈራ፤ ደግሞ ረገፈ። አንዳርጌ አልመጣም። ትርንጎ ግን ፍሬ በለቀመች ቁጥር ከሁሉ የበሰለችውን ትመርጥና ከግንዱ ሥር ቅጠል አንጥፋ ታኖራታለች። ለማን ነው ብለው ሲጠይቋት መልሷ አንድ ነው፦

«ይህቺ የአንዳርጌ ናት፤ ሲመጣ ይበላታል።»

ጠዋት ስትመጣ ፍሬዋን ጉንዳን ወርሷት ታገኛለች። ሌላ ታኖራለች። አላፊ አግዳሚው ይስቅባታል፤ እሷ ግን ዓይኗ ወንዙ ማዶ ነው።

ሽማግሌው ጃርት መሞቻው ሲደርስ አባ ኤሊን አስጠራ። አባ ኤሊ የአገሩ ዳኛ ነው፤ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ቀስ ብሎ ይፈርዳል፣ የፈረደውን ግን የሚገለብጥ የለም። በእሱ ፊት ሽማግሌው ተናዘዘ። የዱባውን ማሳ ለጎንጤ፣ ጉድጓዱን ለትርንጎ፣ ሾላውን ለአንዳርጌ አደረገ። «ልጄ ሲመጣ ማረፊያ እንዳያጣ» አለና ዓይኑን ከደነ።

ጎንጤ ድርሻው አልጣመውም። ዱባ ይተከላል፣ ይታረማል፣ ይጠበቃል። ሾላ ግን ከሥሩ ተጋድሞ አፉን ለከፈተ ይወድቅለታል። ስለዚህ አባ ኤሊ ዘንድ ሄዶ፣ ባለቤት የሌለው ዛፍ ሜዳ ላይ ቆሞ ሲቀር ሕጉ ምን እንደሚል ጠየቀ። አባ ኤሊም ረጋ ብሎ አስረዳው። የሄደ ልጅ ድርሻ ራሱ እስኪመጣ ወይም መርዶው እስኪሰማ አይነካም። መርዶው ከተሰማ ደግሞ ተዝካሩን አውጥቶ፣ ዕዳውን ከፍሎ ታላቁ ይወርሰዋል። ጎንጤ ከዚህ ሁሉ ውስጥ «ታላቁ ይወርሰዋል» የሚለውን ብቻ ይዞ ወጣ።

በቀጥታ የሄደው ወደ ቁራ ነው። ከሾላው ጫፍ ላይ ጎጆ እንደሚፈቅድለት ቃል ገባለት፤ የሚናገረውንም አስጠናው። ቁራ ተልኮ መቼ ደህና ወሬ ይዞ ያውቃል፣ ልጆቼ! ጉባኤው በተሰበሰበበት መጣና አንድ ረጅም የጃርት እሾህ መሬት ላይ አኖረ። ከወንዙ ማዶ የአንዳርጌን ሬሳ እንዳየ፣ እሾሁንም ከአጠገቡ እንዳነሣው ምሎ መሰከረ።

ሁሉም ወደ ትርንጎ ዞረ። ትርንጎ አላለቀሰችም። እሾሁን አነሣችና አሸተተችው። እሾህ ምን ይሸታል? ምንም። እሷ ግን ደረቷ ሥር ሸጉጣው ወደ ሾላው ሄደች። እንደ ልማዷ የበሰለችውን ፍሬ መረጠች፣ ቅጠል አነጠፈች፣ «ይህቺ የአንዳርጌ ናት» አለች። የቀረውን መጨረስ አቃታት። እንዲህ ያለ ናፍቆት አይጣል ነው፤ ሞተ ተብሎ እንኳ አያሳርፍም።

በማግስቱ አባ ኤሊ የምትከራከረው ነገር ካለ ጠየቃት።

«ክርክር የለኝም አባቴ» አለች። «አንድ ልመና ነው ያለኝ። ወንድሜ ሞቶ ከሆነ ተዝካሩ አይጉደልበት። ከእጁ የበላ ሁሉ ይጠራ።»

«የተገባ ነው» አለ አባ ኤሊ።

አንዳንዱ ይህን ብልጠት ነው ይላል። እኔ ግን አይመስለኝም። ወንድሟን ከሷ ሌላ የሚያስታውሰው መኖሩን ማየት ፈልጋ ነው። ጎንጤም በልቡ ሳቀ። አንዳርጌን ማን ያስታውሰዋል ብሎ አንድ ቅርጫት ጎደሬ አስቀቀለ፤ ከሾላው ፍሬ ጥቂት ጨመረበትና እንግዳውን ጠበቀ።

የተዝካሩ ቀን መጀመሪያ ሚዳቋ መጣች። ቀጥሎ ቆቅ ጫጩቶቿን አስከትላ መጣች። ከዚያ ጦጣ ከነዘመዶቿ፣ ፍልፈል ከነጎረቤቶቹ መጡ። አያ ጅቦ ሳይቀር እያነከሰ መጣና፣ በክፉ ቀን አንዳርጌ ዱባ እንደሰጠው ተናገረ። «ዱባ አልበላም» አለ፤ «ግን ከዚያ በፊት ምንም የሰጠኝ አልነበረም።» ሜዳው ሞላ። እያንዳንዱ ከመቀመጡ በፊት አንዳርጌ ያደረገለትን ያወራል። ትርንጎ ምግቡን ይዛ ከአንዱ ወደ አንዱ ትሄዳለች፤ ወሬው ያለቀ ሲመስላት፣ «እስቲ ድገሙልኝ» ትላለች።

ጎደሬው ገና ጫጩቶቹን ሳያጠግብ አለቀ። የሾላውም ፍሬ አለቀ።

«ተዝካር እንግዳው ሳይጠግብ አይወጣም» አለ አባ ኤሊ። «ከማሳህ አምጣ።»

ጎንጤ ዱባ ተሸክሞ መጣ፤ ተበላ።

«ከማሳህ አምጣ።»

ሌላ ተሸክሞ መጣ፤ እሱም ተበላ። ይሄኔ ጅግራ ብድግ አለችና አንዳርጌ ለድሆች ሊዘራ ከእሷ ዘር ተበድሮ እንደነበር አስታወሰች። እሱ ቢኖር አትጠይቀውም ነበር፤ ከወራሹ ግን ትቀበላለች። አባ ኤሊም ድርሻውን የወሰደ ዕዳውንም ይወስዳል ብሎ ፈረደላት። ጎንጤ ለከርሞ ያስቀመጠውን ዘር አውጥቶ ሰፈረላት። እንግዳው ግን ገና እየመጣ ነው።

«ከማሳህ አምጣ።»

«አልቋል» አለ ጎንጤ፤ ላቡ በእሾሁ መካከል ይወርዳል።

«እንግዲያው ማሳውን አምጣ። እንግዶቹ ይካፈሉትና ተዝካሩ ይፈጸም።»

ጎንጤ ባዶውን ማሳ አየ፤ ሾላውን አየ፤ መቀመጫ ያጣውን እንግዳ አየ።

«አልሞተም» አለ።

ቁራ ቀስ ብሎ ክንፉን ዘረጋ።

«ቁራ ምንም አላየም፤ እኔ ነኝ በል ያልኩት። እሾሁም ከራሴ ጀርባ የረገፈ ነው።»

ትርንጎ የያዘችውን ቅርጫት አስቀመጠች። መጥታ ፊቱ ቆመች።

«አያ ጎንጤ፣ እስቲ ድገመው።»

«መሞቱን ያየ የለም፣ እህቴ። የት እንዳለ አላውቅም።»

«ይበቃኛል» አለችና፣ መርዶውን ሰምታ ያላለቀሰችው ትርንጎ ያን ጊዜ አለቀሰች። እሾሁን ከደረቷ ሥር አውጥታ ለባለቤቱ መለሰችለት።

አባ ኤሊ ፈረደ። የተበላው ከጎንጤ ድርሻ እንደተበላ ይቆጠራል፤ ሾላው የአንዳርጌ እንደሆነ ይቆማል። ቁራም ተባረረ፤ እስከ ዛሬም ጮኾ ጮኾ የሚያምነው አላገኘም። እንግዶቹ ላልሞተ ወዳጃቸው ተዝካር በመብላታቸው ከት ብለው እየሳቁ ተበተኑ። ትርንጎ የሚሄዱበትን መንገድ ሁሉ እያየች፣ ወንድሟን ካገኙት ሾላው እንደሚጠብቀው እንዲነግሩት አደራ አለቻቸው።

ጎንጤ ያን ክረምት የሚበላው አልነበረውም። እህቱ ከጉድጓዷ አስገብታ፣ የሷን እያካፈለች አከረመችው። ሾላው እንደገና ሲያፈራ አንድ ማለዳ ወጥታ ብታይ፣ ጎንጤ ቀድሟት ከግንዱ ሥር ተቀምጧል። ሆዱ ይጮኻል። ከፊቱ ቅጠል ተነጥፏል፤ ቅጠሉ ላይ ከሁሉ የበሰለችው ፍሬ አለች። ጉንዳኑን በእጁ እያራገፈላት ነበር።

ትርንጎ ምንም አልጠየቀችውም። እሱ ግን ቀና ሳይል ተናገረ፦

«ይህቺ የአንዳርጌ ናት፤ ሲመጣ ይበላታል።»

አጠገቡ ተቀመጠችና ሁለቱም ወንዙ ማዶ ማየት ጀመሩ።

እኔም ያለኝን ተረት ይኸው አካፈልኳችሁ። ዛሬ ያልመጣ ልጅ ካለ ድርሻውን አስቀምጡለት። ለቸኮለው ወራሽ ደግሞ እንዲህ በሉት፦

ያልሞተን የወረሰ፣ የራሱን ተዝካር ደገሰ።