ስድስት በርሜል የተሸከመው ባሌስትራ

በአንድ ወቅት፣ ዝናብ ሁለት ዓመት ተከታትሎ በቀረበት አንድ የቆላ መንደር፣ ወይዘሮ ማንጠግቦሽ የሚባሉ እናት ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ የተዉላቸው ሦስት ልጆችና አንድ ያረጀ ፒካፕ ነው። መኪናው ከሦስቱም ልጆች በዕድሜ ይበልጣል።

በሚያዝያ የመንደሩ ጉድጓድ ደረቀ፤ ከሥሩ በጭልፋ የሚጠለቅ ጭቃማ ውኃ ብቻ ቀረ። ከብቱ አለቀ፤ መራመድ የቻለ ሰው እግሩ ወደመራው ሄደ። አሥራ ሁለት ቤተሰብ ቀረ፤ አብዛኛው አራስ፣ ሽማግሌና በሽተኛ ነው። ወንዙ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ ሲሆን ማንጠግቦሽ ቤት የቀረው ናፍጣ ለአንድ ደርሶ መልስ ብቻ ይበቃል። ፒካፑ ደግሞ ከሦስት በርሜል በላይ ሲጭኑበት የኋላ ባሌስትራው፣ ያ ጭነት የሚሸከመው ድርብርብ ብረት፣ ይተኛና ሣጥኑ ጎማው ላይ ይቀመጣል። ሦስት በርሜል ለዚያ ሁሉ ሰው ስንት ቀን ሊዘልቅ ነው? ማንጠግቦሽ ምላሳቸው ደርቆ ጸሎታቸውን እንኳ በከንፈራቸው ብቻ ነበር የሚያደርሱት።

መካከለኛዋ ልጃቸው ሽታዬ ከተማ ጋራዥ ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። መኪናው ሥር ገብታ ወጣችና፣

«ብረት ብቻ ላግኝ እንጂ ስድስት በርሜል እንዲሸከም አደርገዋለሁ» አለች።

«ብረቱስ ከየት ይመጣል ልጄ?»

ሽታዬ ወደ ግቢው ዞር አለች። ዓይኗ የታላቅ ወንድሟ የሞላልኝ ጋሪ ላይ አረፈ። ጋሪው የቆመው በጥሩ ባሌስትራ ላይ ነበር።

ሞላልኝ አምስት ልጆች የሚያሳድገው በዚያ ጋሪ ነው። ፈረሱ በአጥንቱ ቀርቷል፤ ቢሆንም አልሞተም። እናቱ ብረቱን ሲጠይቁት «ይህ ቀን ያልፋል፤ ጋሪዬ ከፈረሰ ግን ልጆቼን ምን ላበላቸው ነው?» ብሎ እንቢ አለ። እናቱ አልተቆጡትም፤ የሚቆጡበት ጉልበትም አልነበራቸውም። በአምስተኛው ቀን ጠዋት የጎረቤታቸው የብርቄ ሕፃን ተቀበረ። ሞላልኝ ከቀብር ሲመለስ መፍቻ አነሳና ጋሪውን በገዛ እጁ ፈታው። ብረቶቹን ተሸክሞ እህቱ እግር ሥር ጣላቸው።

ሽታዬ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለች። ብረቱን በከሰል አግላ፣ በመዶሻ አጉብጣ፣ በተቃጠለ ዘይት ውስጥ እየነከረች ከአሮጌው ባሌስትራ ጋር ደረበችው። መዳፏ ተልጦ በጨርቅ አሰረችው። ስትገጣጥም ግን ጣቷ ከአሮጌዎቹ ብረቶች አንዱ ላይ ቆም ሲል ማንጠግቦሽ አዩ።

«ምነው?»

«ምንም አይደል፣ እማዬ» አለችና ቡሎኑን አጠበቀች።

የመጨረሻው ልጅ ዋሴ ሾፌር ነው። ሰው ሲጨመር ውኃ እንዳይቀነስ ብሎ ብቻውን ሊሄድ ተነሣ። «ቁልቁለቱን በዝግታ ውረድ፤ አደራ» አለችው እህቱ። እሺ ብሎ ሄደ። ስድስቱን በርሜል ሞልቶ ሲመለስ ግን የእናቱ የደረቀ ከንፈር ፊቱ ላይ ድቅን አለበትና ቁልቁለቱን በፍጥነት ወረደው። ከመሐል ላይ አንዱ ብረት ተሰበረ። መኪናው በአንድ ጎኑ ተቀመጠ።

ዋሴ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ፣ በተሰበረው ብረት ፈንታ፣ ጎማዎቹን በያዘው አክስና ሣጥኑን በተሸከመው ሻንሲ መካከል የወይራ ግንድ ሊወሽቅ እጁን ሰደደ። ክሪኩ ተንሸራተተ። ቀኝ እጁ በግንዱና በብረቱ መሐል ተነከሰ። ቢጮህ የሚሰማው የለም። በርሜሎቹን አውርዶ ጭነቱን በማቅለል እጁን እንዳያወጣ የቀረው አንድ እጅ ብቻ ነው። ሦስት ጣቶቹን እዚያው ትቶ እጁን መነጨቀ። በሸሚዙ ጠቅልሎ፣ ግንዱን በገመድ አጥብቆ፣ በግራ እጁ እየነዳ በማግስቱ ረፋድ ላይ መንደሩ ደረሰ። ከስድስቱ በርሜል አንዱም አልፈሰሰም ነበር። ማንጠግቦሽ መጀመሪያ ያዩት ውኃውን ነው፤ የልጃቸውን እጅ ያዩት ኋላ ነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጫቸዋል።

በዚያ ውኃ መንደሩ አምስት ቀን ቆየ። በስድስተኛው ቀን ዘነበ።

ክረምቱ ሲያልፍ ማንጠግቦሽ ታመሙ። መኪና እንደ መሬት አይከፈልምና በሕይወት ሳሉ ለአንዱ ሊሰጡ ሽማግሌዎች ፊት ልጆቻቸውን ጠሩ።

ሞላልኝ፣ «የተሸከመው የኔ ብረት ነው። የተሰበረው አሮጌው እንጂ የጋሪዬ አይደለም። እኔ ዛሬ ጋሪ የለኝም» አለ።

ብርቄ ከሰዎቹ ጀርባ ተቀምጣ፣ «በተጠየቅህ ዕለት ፈትተኸው ቢሆን ኖሮ» አለችና ቀሪውን ዋጠችው።

ሽታዬ፣ «ብረት ያለ እጅ ብረት ነው። በእጄ ባይሠራ ጋሪውም መኪናውም ቆመው በቀሩ» አለች። ቀጥላ ግን አንገቷን ደፋች። «ስንጥቁን አይቼው ነበር። የምተካው ብረት አልነበረኝም። ብናገር ዋሴን አትልኩትም ብዬ ዝም አልኩ።»

ዋሴ ወደ እህቱ ዞረ። «ብትነግሪኝም እሄድ ነበር» አለ። «በዝግታ ግን እወርድ ነበር።»

«በዝግታ ውረድ አላልኩህም?»

«ብለሽኛል። ምክንያቱን ግን አልነገርሽኝም» አለና ሁለት ጣት የቀረውን እጁን ጭኑ ላይ አኖረ። «በዚህ እጅ ሞፈር አልይዝም። መሪ ግን እይዛለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እስኪመሽ ተከራከሩ። አንዱ ባለ ብረቱን፣ ሌላው ባለሙያዋን፣ ሦስተኛው ጣቱን የከፈለውን ደገፈ። ሲደክማቸው ወደ እናትየው ዞሩ። ማንጠግቦሽ ቁልፉን በጉያቸው እንደያዙ ሦስቱን ልጆቻቸውን በየተራ አዩ፤ መወሰን ግን አቃታቸው።

እንግዲህ የሰማችሁ ሁሉ ፍረዱ፦ ብረቱን ዘግይቶም ቢሆን ለሰጠው፣ ስንጥቁን ደብቃም ቢሆን ለሠራችው፣ ወይስ ቸኩሎም ቢሆን ውኃውን ላደረሰው? መኪናው የሚገባው ለማን ነው?