ለሠላሳ ቀን የታሸገ ጽጌረዳ

አንዲት ሴት ነበረች። ባቱ ከተማ ዳር ካለ የአበባ እርሻ፣ ማሸጊያ ክፍል ነበር የምትሠራው። አሥራ አንድ ዓመት ጽጌረዳ አሽጋለች። ጽጌረዳ ታውቁ የለም? ያው ለሠርግ መኪና የምትለጥፉት።

እንግዲህ ምእመናን፣ ስሙኝ። አበባ ተቆርጦም ይተነፍሳል። አታውቁም ነበር? እሷም አታውቅም ነበር፤ እዚያ ገብታ ነው የሰማችው። ይተነፍሳል፤ በተነፈሰ ቁጥርም ያረጃል። ስለዚህ በመርከብ ወደ ውጭ አገር የሚሄደውን መጀመሪያ ቀዝቃዛ ክፍል ያስገቡታል። ከዚያ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ላስቲክ ከረጢት ይከቱታል። የከረጢቱን አየር በማሽን ይስቡና ሌላ፣ በልክ የተመጠነ አየር ይሞሉበታል። አበባው ትንፋሹ ቀስ ይላል፤ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። ወር ቆይቶ ቢከፈት የትናንት ነው የምትሉት።

ይህቺ ሴት ታላቅ እህት ነበረቻት። ዘርፌ ትባላለች፤ መቂ ነው የምትኖረው። እናታቸው ስትታመም ያጠበቻት፣ ያገላበጠቻት፣ አልጋዋ ሥር የተኛችው ዘርፌ ናት። እናትየዋ ስትሞት ታዲያ ታናሺቱ ከባቱ መጣችና ድንኳን ውስጥ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ ምን አለቻት?

«ሐኪም ቤት ብትወስጃት ኖሮ አትሞትም ነበር። አንቺ ነሽ የገደልሻት!»

ዘርፌስ? በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ቁጭ አለች።

ሦስት ዓመት አልተነጋገሩም። ታናሺቱ ጥፋቷ ጠፍቷት ነው? አይደለም። ቃሉ ካፏ እንደወጣ ነው ያወቀችው። ግን ግትር ናት። ግትር ሰው እንዴት እንደሆነ አትንገሩኝ፤ አውቀዋለሁ።

አንድ ቀን ገነሜ የምትባል፣ መቂ ተወልዳ ያደገች፣ አብራት የምታሽግ ጓደኛዋ መጣችባት።

«አንቺ፣ እህትሽ ተኝታለች አሉ። በጠና ነው። ዛሬውኑ ሂጂ።»

«ምን ብዬ እገባለሁ?»

«በእግርሽ ግቢያ! ደግሞ ለመግባት!»

«ባዶ እጄን አልገባም፣ ገኒ። ያኔ ስንዋደድ ምን ትለኝ ነበር መሰለሽ? ‹አበባ ውስጥ ስትርመሰመሺ ትውያለሽ፤ አንዲት ዘንግ እንኳ አምጥተሽልኝ አታውቂም።›»

በዚያው ሳምንት አለቃቸው አንድ ከረጢት ለሙከራ አሽጎ ቀዝቃዛው ክፍል አስቀምጦ ነበር። ሠላሳ ቀን ቆይቶ ሊከፈትና ሊታይ ነው። ሄዳ ለመነችው፤ «ሲከፈት ለእኔ ይሁንልኝ» አለችው። እሺ አላት። ያን ጊዜ ልቧ እፎይ አለ። አያችሁ፣ አበባውን ብቻ አልነበረም የፈለገችው። ሠላሳ ቀን ነው ያገኘችው። ሠላሳ ቀን ሙሉ ፊቷን ሳታሳይ፣ ይቅርታ ሳትል፣ «እየተዘጋጀሁ ነው» እያለች የምትቆይበት ምክንያት።

ገነሜ ይህን ስትሰማ ሥራዋን አቁማ አየቻት። «አበባውስ ይሁን፣ ታሽጓል፤ ይቆያል። እህትሽን ማን አሸገልሽ?»

«አፍሽን ዝጊ» አለቻት።

በሃያ ስድስተኛው ቀን በገነሜ ስልክ ከመቂ ተደወለ።

ገነሜ ሰማች። ስልኩን አስቀመጠችና ጓንቷን ታወልቅ ጀመር። ታናሺቱ ያንን ጓንት አየች። አወቀች።

አለቃው ከረጢቱን ቀኑ ሳይሞላ አወጣላት። ታቅፋው መቂ ገባች። መቃብሩ ጋ ስትደርስ ቀባሪው ተሰብስቦ፣ አፈሩ ተመልሶ አልቆ ነበር። ተንበርክካ ከረጢቱን በጥርሷ ቀደደችው። ጽጌረዳው እንደገባ ነው! ቀይ፣ እንቡጡ ጥብቅ ያለ፣ አንድ ቅጠል ያልጠወለገበት።

አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ዛሬ ነው እንዴ የተቆረጠው?» አሏት።

«የለም፣ እማማ። ይሄ ሲቆረጥ እትዬ ዘርፌ በነፍስ ነበረች። ትናገር ነበር።»

የዘርፌ ልጅ ሰናይት እዚያው አጠገቧ ቆማለች። «አክስቴ» አለቻት ቀስ ብላ፣ «በር በተንኳኳ ቁጥር ‹እሷ ናት?› ትለኝ ነበር። ጎረቤት ናት ስላት ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። ‹እኔ እኮ ትቼላታለሁ፤ ለምን አትመጣም?› ትል ነበር።»

ትቼላታለሁ! ይቅርታው አልቆ፣ ተዘጋጅቶ፣ አንድ ደጅ መግፋት ነበር የቀረው። ባቱና መቂ ስንት ሰዓት ነው? በታክሲ አንድ ሰዓት አይሞላም።

እናንተስ? ማንን ነው ያስቀመጣችሁት? «ለፋሲካ እሄዳለሁ፣ ልጄ ይመረቅና፣ ቤቱን ልጨርስና» እያላችሁ ቀን የቆረጣችሁለት ሰው ማን ነው? ፍቅራችሁ ሳይነካ እንደቆየ አውቃለሁ። ሳይነካ መቆየቱ ለእነሱ ምን ይጠቅማቸዋል? በሩን እያዩ ያሉት እነሱ ናቸው። እናንተ ቀን ስትቆጥሩ የእነሱ ትንፋሽ ቀስ አይልላችሁም፤ አይጠብቃችሁም።

እግዚአብሔር ለሰው የሰጠው እስትንፋስ ነው፤ ማሸጊያ አልሰጠንም። የምታስታርቃችሁ ስጦታ ፈልጋችሁ አታገኙም። ፊታችሁን ነው የሚፈልጉት፤ ያፈረውን፣ የሚንቀጠቀጠውን ፊታችሁን።

ስብከቴን እዚህ ላይ አቁሜያለሁ። የቀረውን መዝሙር እኛ እንዘምረዋለን። ያስቀመጣችሁት ሰው ያላችሁ፣ ሰዉም ገና በሕይወት ያለላችሁ፣ አሁን ተነሡና ወደ እሱ ውጡ። አትፈሩ፣ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። እኔም ዐይኔን እጨፍናለሁ።