ሦስት ጊዜ የተጠራ ስም

አንድ የቴኒስ ተጫዋች ነበረ። ትልልቆቹ ውድድሮች ላይ ስሙን የሚያውቀው የለም፤ በየሳምንቱ ከከተማ ከተማ እየዞረ በትንንሾቹ የሚጫወት ሰው ነው። ትርሲት፣ «ጋሼ፣ ለሁለተኛ ዲግሪ ተፈትኜ ተጠባባቂ ተብዬ ከምቀመጥ የዝውውር ፎርም ሞልቼ ሌላ ትምህርት ቤት ሄጄ ባስተምር አይሻልም ወይ?» ብለሽ የጠየቅሽኝን አልረሳሁትም። እመለስበታለሁ፤ አሁን ዝም ብለሽ ስሚኝ።

በዚያ ዘመን እኔ የውድድር ዳኛ ስለነበርኩ ሰውየውን በደንብ አውቀዋለሁ። ሰነፍ አልነበረም። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጉልበቱን በፋሻ ጠቅልሎ ነው የሚጫወተው። በዚህ ጨዋታ፣ ዋናው ውድድር ላይ አሸንፈሽ ያገኘሻት የደረጃ ነጥብ ዓመት ሲሞላት ትሰረዛለች። ለእሱ የቀረችው አንዲት ነጥብ ነበረች፣ እሷም በዚያው ወር ልትሰረዝ ነው። ሌላ ካላገኘ ስሙ ከደረጃ ሰንጠረዡ ይወጣል፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት የለፋበት ነገር አበቃ ማለት ነው። ይህን ሲያወራኝ አሳዝኖኛል።

አንድ አመል ነበረበት። ደብተር ይዞ የየከተማውን ተመዝጋቢ ዝርዝር እያየ፣ ደካሞች የሚሄዱበትን ይመርጣል። አንዱ ቦታ ሲሸነፍ ላቡ ሳይደርቅ ሻንጣውን አንስቶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ዐሥራ አንድ ሳምንት፣ ዐሥራ አንድ ከተማ። «እዚህ አልሆነም፣ እዚያ ይሆናል» ነው ወሬው ሁሉ።

እኛ ከተማ መጣና በማጣሪያው መጨረሻ ዙር ላይ ለጥቂት ተሸነፈ። አሁን ልብ በዪ። በማጣሪያው መጨረሻ የተሸነፉ ሰዎች በነጋታው ጠዋት ዳኛው ጋ መጥተው ይፈርማሉ። ወደ ዋናው ውድድር ካለፉት አንዱ ቢታመም ወይም ቢቀር፣ ከፈረሙት መካከል በደረጃ የሚበልጠው ይገባል። ሲጠራ ግን እዚያው ሜዳው ላይ መገኘት አለበት። የእኛ ሰው ከፈረሙት ሁሉ በደረጃ አንደኛ ነበር።

ፈረመና አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጠ። ከዚያ ሻንጣውን አነሳ። «ምነው፣ ትንሽ ታገስ እንጂ» አልኩት።

«የሰው ሕመም ስጠብቅ ልዋል እንዴ? የሚቀጥለው ከተማ ምዝገባ ዛሬ ማታ ይዘጋል። እዚያ የሚመጡት ደካሞች ናቸው» አለኝና ሄደ።

ረፋዱ ላይ አንድ ተጫዋች ሲያሟሙቅ ቁርጭምጭሚቱ ዞረበት። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁና የሰውየውን ስም ጠራሁ። ዝም። ደግሜ ጠራሁ። ሦስተኛውን ስጠራ ድምፄን ከፍ አደረግሁት፤ ምናልባት መናኸሪያው ድረስ ይሰማ እንደሆነ ብዬ ነው መሰለኝ። ሕጉ ከዚያ በላይ አይፈቅድም። ቀጥሎ የተጻፈውን ጠራሁ። ከንጋት ጀምሮ ጫማውን አስሮ አግዳሚው ላይ የተቀመጠ አንድ ቀጭን ሰው ብድግ አለ። ይህ ቀጭን ሰው የእኛን ሰው አንድም ቀን አሸንፎት አያውቅም። ገባ፣ ተጫወተ፣ አሸነፈ፣ ነጥቧን ወሰደ።

የእኛ ሰው ደግሞ መንገዱን ጨርሶ ደረሰ። እንደ እሱ ያሰቡት ሁሉ ደካማ ፍለጋ እዚያው ጎርፈው ኖሮ ዝርዝሩ ሞልቷል፤ ከበር መለሱት። ወሬውን ከሌላ ተጫዋች ሰምቶ አመሻሹ ላይ ደወለልኝ።

«እውነት ጠርተውኝ ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት።

«ስንት ጊዜ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሦስት ጊዜ።»

ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም ዝርዝር ላይ ስሙን አላየሁትም።

ትርሲት፣ ያ ሰው አንቺ ነሽ። በአራት ዓመት ሦስት ትምህርት ቤት ቀያየርሽ፤ አሁንም ሻንጣሽን ልታነሺ ነው። ተጠባባቂ አንደኛ ነሽ ሲሉሽ ወደቅሽ ማለታቸው አይደለም፤ ከፈረሙት ውስጥ ነሽ ማለታቸው ነው። ዕድሉ የሚሰጠው ለወረዳው መምህራን ስለሆነ፣ ወረዳውን ከለቀቅሽ ስምሽ እንደሚሰረዝ የነገርሽኝ አንቺው ራስሽ ነሽ። ዕድሜሽን እዚያ ጨርሺ አላልኩሽም። ሊጠሩሽም ላይጠሩሽም ይችላሉ፤ ለዚያ ቀጭን ሰውም ማንም ቃል የገባለት አልነበረም። ግን የዩኒቨርሲቲው ምዝገባ እስኪዘጋ ዐሥራ ስምንት ቀን ነው የቀረው። ጫማሽን አስረሽ ተቀመጪ። ካልተጠራሽ ሻንጣሽን መናኸሪያ ድረስ እኔው ተሸክሜ አደርስልሻለሁ።

እስከዚያ ግን ያንን የዝውውር ፎርም ከቦርሳሽ አውጪና እዚህ እኔ ዘንድ ተይው። የሌለን ሰው ሦስት ጊዜ መጥራት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ያንቺ ስም እንደዚያ ሲጠራ መስማት አልፈልግም።