ለጠላት መድፍ ያቀበለው ሰው

ደጃዝማች ይመኑ የሚባሉ አንድ ገዥ ነበሩ አሉ። የወንዝ ማዶውን አገር ለመውጋት ከቆረጡ ሰንብተዋል፤ የጎደላቸው ሰበብ ብቻ ነበር። በገበያ ቀን ሕዝቡን ሰብስበው፣ «የማዶው ገዥ ከፈረንጅ አንድ መድፍ ገዝቶብናል!» አሉ።

ሕዝቡ ማዶ አማችም አበልጅም ስላለው ለጦርነት አልተነሳሳም።

«አንድ አልኩ እንዴ? አሥር ነው!» አሉ ደጃዝማቹ። አሁንም የተነቃነቀ ሰው የለም። «አርባ! አርባውም አፉን ወደ ደጃችሁ አዙሯል! ወንድ የሆነ ሁሉ ነገ ይከተለኝ!»

እዚያ መካከል አንዲት ሙሽራ ቆማለች። ባሏ ሊወሰድባት ነው፤ ግን አርባ ሲባል ሳቋ አመለጣት።

«አንቺ! ምን ያስቅሻል? ዋሽተዋል ልትዪኝ ነው?»

ዋሽተዋል ብትል ጅራፍ አለ፤ አልዋሹም ብትል ባሏ ይዘምታል። ነጠላዋን አደግድጋ እጅ ነሳች።

«አፌን ቁርጥ ያርገው፣ ጌታዬ! አንዱንም አልጠራጠርም። ብቻ ለጠላት መሣሪያ የሚያቀብል ሰው ፍርዱ ምንድን ነው?»

«ስቅላት ነዋ!»

«እንግዲያው ማዶ መሻገሩ ይቆየን። ጌታዬ ንግግር ሲጀምሩ ጠላት የነበረው አንድ መድፍ ብቻ ነበር። የቀረውን ሠላሳ ዘጠኝ ዓይናችን እያየ ያቀበለው ሰው እዚሁ ገበያ መካከል ቆሟል። እሱን ለመያዝ ከሆነ ባሌን ይውሰዱት፤ መንገዱም ቅርብ ስለሆነ ስንቅ አልቋጥርለትም።»